ሁለተኛው ፍሬን

የጋሽ ቀስ ሚስት ወንድም መኪና ውስጥ፣ ጋቢና በኩል ባለው ምንጣፍ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። አይጥ አልበላውም፣ ሲጋራም አልወደቀበትም። የጋሽ ቀስ ቀኝ እግር ሥራ ነው። ሰውየው መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ሰዎችን ሲያሰለጥን ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ በሰው መኪና ሲሳፈር ታዲያ እግሩ አያርፍም። ከፊት አንድ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር እግሩ ተወርውሮ እዚያ የሌለውን ፍሬን ይረግጣል። የሚስቱ ወንድም ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ በየሳምንቱ እሑድ ቤተሰቡን ሁሉ ጭኖ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው እሱ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምንጣፌን ጨረስከውኮ!" ይለዋል መምህሩ።

"አንተ ቀደም ብለህ ብትረግጥ እኔን ምን አስረገጠኝ?" ይላል ጋሽ ቀስ፣ ጥፋቱን ጭራሽ ወደ ባለቤቱ አዙሮ።

ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይሉታል፣ ዞር ሲል "ጋሽ ቀስ"። ምን ያድርጉ፣ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው እሱ ብቻ ነዋ! "ቀስ በይ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ልቀቀው። ቀስ! ቀስ ነው ያልኩህ!" የሚያሰለጥንባት ትንሽ ነጭ መኪና ናት፤ ጣሪያዋ ላይ "ተለማማጅ" የሚል ሰሌዳ አላት፣ በእሱ በኩል ደግሞ ሁለተኛ ፍሬን ተገጥሞላታል። መሪ በእጁ የለም፣ ነዳጅ በእግሩ የለም፤ ፍሬን ግን አለው።

ስለዚህ ፍሬን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጀማሪ አሰልጣኝ በደነገጠ ቁጥር ጓ አድርጎ ይረግጠውና ተማሪው ግንባሩን ከመሪው ጋር ያጋጫል፤ ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ መኪና ባየ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል። ጋሽ ቀስ እንዲህ አያደርግም። ተማሪው እግሩን ፍሬን ላይ ሲያሳርፍ ጠብቆ፣ በዚያው ቅጽበት፣ የጎደለችውን ያህል ብቻ ይሞላለታል። ተማሪው ሳያውቅ። እንዲያው አይታበይ እንጂ በዚህ ነገር የሚስተካከለው ሰው የለም፤ ይታበይ ነበር እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ!

አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበረችው። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ክንደ ብርቱ፣ መሪውን እንደ ሊጥ የምታሸው ሴት። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ግራ ቀኝ ሳያዩ መንገድ ገቡ። ሴትዮዋ ጮኸች፣ ፍሬኑንም ነካ አደረገችው። ነካ ብቻ! የቀረውን ጋሽ ቀስ ሞላው፤ መኪናዋ ከሽማግሌው ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመች።

"አየኸኝ ጋሼ?" አለች እያለከለከች። "አቆምኩትኮ! እኔ ነኝ ያቆምኩት!"

"አየሁሽ። ጎበዝ ነሽ" አላት። በሆዱ ግን ይስቅ ነበር። በራሴ አቆምኩ ብላ ካመነች ነገ በራሷ ታቆማለች ብሎ ነው የሚያምነው።

ይህ ሰው ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ለታካሚዎች ካርድ ታወጣለች። እናቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ እናት ተረኛ በሆነች ቀን ልጅ የት ትቀመጥ? ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአባቷና ከተማሪዎቹ ጋር ከተማውን ስትዞር ነው ያደገችው። እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን። መዝሙሩን ታውቀዋለች፣ ጥቅሱን ታውቀዋለች። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን አይጠመቅም፤ ሰው አድጎ፣ በራሱ አፍ "አምኛለሁ" ሲል ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው። አባቷ ያንን ቀን ከተወለደች ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል። ስሟ የተጠማቂዎች ዝርዝር ላይ የተጻፈ ዕለት ለተማሪዎቹ ሁሉ ከረሜላ አደለ።

ጥምቀቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ምሳ ላይ፣ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ስሜን አስወጥቻለሁ" አለች።

"ከየት ነው ያስወጣሽው?"

"ከጥምቀቱ።"

እናቷ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን በፎጣ ጠረገች። አባትየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ምን ሆነሽ? ማን ምን አለሽ?"

"ማንም ምንም አላለኝም። ደግሞ ውሸት ነው ብዬም አይደለም፣ አባዬ። ለማመን ፈልጌ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ፤ ምንም የለም። ያለ አስመስዬ ብገባ ማታለል ነው።"

አያችሁ ነገሩን? "ተረት ነው" ብትል ኖሮ ይከራከራት ነበር። አጉል ጓደኛ ይዛ ቢሆን ኖሮ ጓደኛውን በር ላይ ጠብቆ ልክ ልኩን ይነግረው ነበር። "ፈልጌ እምቢ አለኝ" ሲባል ግን ከማን ጋር ይጣላ? ከልጁ ጋር? ፈልጋለችኮ። ከእግዚአብሔር ጋር? እስቲ ንገሩኛ! ነገሩ ለሱ ጨዋታ አይደለም። ልጄ ትድናለች ወይስ ትጠፋለች ነው ጥያቄው።

ሰኞ መጋቢው ጋ ሄደ። መጋቢው ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቢሮው የወለል ሰም የሚሸት።

"ጋሼ፣ ጌታ ማንንም አያስገድድም" አለ መጋቢው። "ምርጫው የሷ ነው።"

"መርጣለችኮ! ፈልጌ ነበር ነው የምትለው።"

"እንግዲህ በሙሉ ልቧ አልፈለገችም ማለት ነው።"

"ሙሉ ልብ በምንድን ነው የሚለካው፣ መጋቢ? እኔ ስጠመቅ ግማሽ ልቤ የነበረው አማቴ ጋ ነው፣ ልጁን እንዲሰጠኝ! እኔን ማን መለሰኝ?"

መጋቢው ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ "እርስዎ ብቻ ይጸልዩ" አለው።

"ምን ብዬ? ምርጫው የሷ ከሆነ እግዚአብሔርን ምን አድርግልኝ ልበለው? መለመን ያለብኝ እሷን ነዋ!"

መጋቢው ሰዓቱን አየ። ሌላ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሟል።

እሑድ በመምህሩ መኪና ሲሄዱ ያንኑ ነገር አነሳ። መምህሩ የመጋቢውን ስብከት አይወድም፤ ካርታ እንደሚያነብ ሰው ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተሰመረ ነው ባይ ነው።

"ተረጋጋ" አለ መምህሩ። "ልጅቷ የእግዚአብሔር ከሆነች የትም አትሄድም። ዓለም ሳይፈጠር የመረጠውን ሰው ማንም ከእጁ አይነጥቀውም።"

"ካልሆነችስ?"

መምህሩ ማርሽ ቀየረ።

"ካልሆነችስ ነው የምልህ!"

"እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።"

"ለምንድን ነው የማይጠየቀው? ያንተ ሦስቱም ተጠምቀውልሃላ! አንተ ምን አለብህ!" አለና እግሩን ምንጣፉ ላይ ደበደበው።

"ኧረ ምንጣፌን!" አለ መምህሩ።

ምን አለፋችሁ፣ ሰውየው በሁለት ሰው መሀል ተቃጠለ። አንደኛው ሁሉም በሷ እጅ ነው ይለዋል፣ ሌላው ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው ይለዋል፤ ሁለቱም ግን "አንተ አርፈህ ተቀመጥ" ነው የሚሉት። አርፎ መቀመጥ ደግሞ አያውቅበትም። ማክሰኞ ዕለት መኪናዋን ዛፍ ሥር አቁሞ ተማሪ ሲጠብቅ፣ ከፈጣሪው ጋር ተጣላ። ጸለየ ልል ነበር፤ ተጣላ ነው ትክክሉ።

"ጌታ ሆይ" አለ ጮክ ብሎ፣ "ፍሬኑ ያንተ እግር ሥር ነው። አውቃለሁ! እኔ ምናምንቴው በቀን አሥር ሰው አተርፍበታለሁ። አንተ ለአንዲት ልጅ ምነው እግርህ ከበደህ? ነካ አድርጋዋለችኮ! ፈለግሁ ብላለችኮ! የጎደለውን ሙላላት እንጂ ምን ትጠብቃለህ?"

መስኮቱ ተንኳኳ። ተማሪው ነው፣ ደብተሩን በደረቱ አቅፎ በፍርሃት ያየዋል። "ግባ፣ ግባ። ቀበቶህን እሰር" አለው ጋሽ ቀስ።

ረቡዕ ያንን ነገር አደረገ። ሌላ አባት ቢሆን ልጁን ይቆጣል፣ ወይ አልቅሶ ይለምናል። ሃያ ስድስት ዓመት ከሰው እግር በታች የራሱን እግር ሲደብቅ የኖረ ሰው ግን ሌላ ብልሃት ከየት ያመጣል? ለቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ ስልክ ደወለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ልጄ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ስሟን መልሽው" አላት። ጸሐፊዋ በስልኩ ውስጥ እልል አለች። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ ተነስታ ትገባለች፤ ከገባች በኋላ በራሴ ገባሁ ትላለች፤ በራሴ ካለች ደግሞ ታምናለች። ሒሳቡ እንዲህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የጤና አይደለም፤ እሱ ግን በዚያ ቀን እንቅልፍ ወሰደው።

ልጅቷም በዚያ ሰሞን መንዳት ትማር ነበር፣ ከሱው ጋር። ፈተናዋ ዓርብ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ለመጨረሻ ልምምድ ወጡ። ጥሩ ነበር የምትነዳው፣ እሱ እንኳ "ቀስ" የሚልበት አጣ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፦

"ከቤተ ክርስቲያን ደውለውልኝ ነበር" አለች። "ለነጩ ቀሚስ ቁመቴን ፈልገው።"

ጋሽ ቀስ ቆሌው ተገፈፈ። "ፍሬቻ አሳዪ" አላት።

ፍሬቻ አሳየች፣ ከአደባባዩ ወጣች፣ የጫማ መደብር ፊት ለፊት ጥግ ይዛ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሁሉንም ባስተማራት ቅደም ተከተል ነው ያደረገችው።

"ረገጥከው አይደል?" አለችው።

"ምኑን?"

"አባዬ፣ እኔኮ ከኋላ ወንበር ነው ያደግሁት። አንተ ታስተምር የነበረው እነሱን ነው፣ እኔ ሳይ የነበረው ግን እግርህን ነው። ተማሪው 'እኔ ነኝ ያቆምኩት' ሲል አንተ በመስታወቱ በዓይንህ ትጠቅሰኝ ነበር። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ የኔና የአንተ ምስጢር መስሎኝ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "አሁን እኔ ከውሃ ወጥቼ 'እኔ ነኝ ያመንኩት' ስል፣ አንተ በመስታወት ማንን ልትጠቅስ ነው?"

"እንድትተርፊ ነዋ!" ብሎ ጮኸ። የጫማ መደብሩ ሻጭ ዞር ብሎ አየ። "ሰው ከተረፈ ማን ረገጠው ምን ያደርጋል? ያ ያጫወትኩሽ ሽማግሌ ዣንጥላቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ አይደል?"

"ሽማግሌው ገቡ። ዳቦ ጋጋሪዋስ? መንዳት ቻለች?"

ዳቦ ጋጋሪዋ ሦስት ጊዜ ተፈትና ሦስት ጊዜ ወድቃለች።

"ለጸሐፊዋ ቁመቴን ነግሬአታለሁ" አለች ልጅቷ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። "ምን ልበላት? አባቴ ዋሽቷችኋል ልበል? ያስገባኸው አንተ ነህ፣ አንተው ታስወጣዋለህ።"

"እሺ። አስወጣለሁ" አለ።

ዓርብ ልጅቷ ፈተናዋን አለፈች። ቅዳሜ አባትየው ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው። እጁ እምቢ አለው። ደግሞ ማን ያውቃል፣ እስከ ነገ ልቧን ቢያዞረውስ? ስሟ ከጠፋ በምን በኩል ይመለሳል? እንዲህ እያለ መሸበት።

እሑድ፣ ፈተናዋን ያለፈችው ልጅ እናትና አባቷን በነጯ መኪና ይዛ ወጣች። "ተለማማጅ" የሚለው ሰሌዳ ወርዶ የኋላ ኮፈን ውስጥ ገብቷል። እናቷ ከኋላ ተቀመጠች፣ እሱ እንደ ልማዱ በፍሬኑ በኩል።

"እግርህን ሰብስብ" አለችው ልጁ።

ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ኋላ ስቦ ወንበሩ ሥር አስገባ። ጉልበቱ አፍንጫው ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

"አስወጣኸው?"

"እህ" አለና በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እሷ አመነችው።

ቤተ ክርስቲያኗ ግጥም ብላለች። ገንዳው ተሞልቷል፣ ተጠማቂዎቹ ነጭ በነጭ ሆነው ፊት ተደርድረዋል። መጋቢው ዝርዝሩን ያነብባል፤ ስሙ የተጠራው ይነሳል፣ ሰው ያጨበጭባል። ሰባት ተጠሩ። ስምንተኛው የልጅቷ ስም ነበር።

ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ወደ አባቷ ዞራ አየችው፣ አንዴ ብቻ። ያቺን አስተያየት እስኪሞት አይረሳትም።

መጋቢው ደግሞ ጠራትና ፈገግ አለ። "እህታችን አፍራለች መሰለኝ! እስቲ እናበረታታት!" ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጸሐፊዋ ነጩን ቀሚስ በክንዷ አንጠልጥላ በመተላለፊያው መጣች። መምህሩ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ በእጁ "ነይ፣ ነይ" ይላታል። ያኔ ልጅቷ እጇን አግዳሚው ላይ ጣል አድርጋ ከወንበሯ ብድግ ማለት ጀመረች። ጉልበቷ ሲዘረጋ አየው። ልትሄድለት ነው! አባቷን በሰው ፊት ላለማዋረድ ብላ ልትገባለት ነው።

ጋሽ ቀስ ዝም ቢል በቃ። ሃያ ሦስት ዓመት የጠበቀው ነገር አሥር እርምጃ ነው የቀረው። ምንም አይጠበቅበትም፣ ዝም ማለት ብቻ። እግሩ ሥር የነበረው ፍሬን እንደዚያ ቀን ለስልሶ አያውቅም።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ" አለና እሱ ተነሳ። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። "ስሟን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው። እሷ አላለችም።" ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማይክሮፎኑ ሲጥ አለ። ጸሐፊዋ ቀሚሱን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፤ መምህሩ አንገቱን ደፋ። መጋቢው ሁለት ጊዜ ካሳለና "መዝሙር እናስቀድም" አለ። ሰባቱ ተጠመቁ።

ሲመለሱም መኪናዋን የነዳችው ልጅቷ ናት። ጋሽ ቀስ በሆዱ ያጉረመርማል። አሁን ደስ አለህ? ይላል ለፈጣሪው። እግሬን አንሳ አልከኝ፣ አነሳሁ። ተዋረድኩ። ያንተስ የታል? እግሮቹ ወንበሩ ሥር ታጥፈው ደንዝዘዋል።

የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆነ። ልጅቷ ከሩቅ ጀምራ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ማንም ወደ ፊት ሳይወዘወዝ አቆመች።

"አባዬ" አለች። "ስትነሳ እግርህ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"አየሽው?"

"ሁልጊዜ አየዋለሁኮ።" መሪውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። "ያኔ አንድ ነገር አልኩ። እንዳትጮህ ብቻ።"

"አልጮህም። ለማን አልሽ?"

"ለማን ትላለህ እንዴ! 'እኔ አልቻልኩም፣ ከቻልክ አንተ' አልኩት። በቃ ይኸው ነው። ምንም አልመለሰልኝም፣ ምንም አልተሰማኝም። ብቻ አልኩት።"

ከኋላ ወንበር እናቷ "ኡፍ" ስትል ተሰማ።

"ማን በይ አለሽ?" አለ አባትየው። ድምፁ ለራሱም ሌላ ሆነበት።

"ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ይህችን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቷታል። ከዳቦ ጋጋሪዋም፣ ከሌላውም፣ ከብዙ መቶ ሰው አፍ፣ እያለከለኩ ሲሏት። በሰማት ቁጥርም በሆዱ ይስቅ ነበር፣ እግሩ የት እንደነበረ ያውቃላ! አሁን ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለቱም እግሮቹ ወንበሩ ሥር ናቸው፣ የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር። ቀና ብሎ መስታወቱን አየ፤ ሚስቱ በመሐረቧ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ሌላ የለም።

"ጎበዝ ነሽ" ሊላት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ልጅቷም ማርሽ አስገብታ ነዳች።